ዘመድዎ ጨረታው ላይ ሲመጣ፦ ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር ሰዎች የጥቅም ግጭት መመሪያ

የትምህርት ቤት ዴስክ ግዥ ነበር። አምስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠናል፤ ፖስታዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ ተጫራቾቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰብሳቢያችን ሦስተኛውን ፖስታ ቀዶ የድርጅቱን ስም ሲያነብ ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ። ድርጅቱ የሚዜው ነበር። ይህን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሰርጉንም አብረን በልተናል። ማንም ምንም አላለም። የሚዜው ዋጋ የምርም ዝቅተኛው ነበር፤ ዴስኩም ደህና ዴስክ ነበር። ከዓመት በኋላ ኦዲተሮች መጡ። ከተሸናፊዎቹ አንዱ አቤት ብሎ ኖሯል። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰብሳቢው ግንኙነቱን ያሳወቀበት ቃለ ጉባኤ የታለ?» አልነበረም። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፤ የማልረሳው ግን ያልጻፍኩትን ነው። ይህን መመሪያ የማዘጋጀው እንደዚያ ባለ ክፍል ውስጥ ለሚቀመጡ ሰዎች ነው፦ ለግዥ ኮሚቴ አባላት፣ ለመሬት ባለሙያዎች፣ ለቀበሌ ሥራ አስኪያጆች፣ ለምክር ቤት ተመራጮች። ትንሽ ከተማ ላይ ዝምድና መኖሩ ጥፋት አይደለም፤ ዘመድ የሌለው የወረዳ ሠራተኛ ከየት ይመጣል? ጥፋቱ የሚጀምረው ዝምድናው ሳይነገር አብረው ሲወስኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ መንገር፣ መውጣትና መጻፍ ላይ ያተኩራል።

ነገሩን ከሙስና እንለየው

ሙስና ድርጊት ነው፤ የጥቅም ግጭት ግን ሁኔታ ነው። አንዲት ሳንቲም ሳይቀበሉ ሊገቡበት ይችላሉ። የመሬት ባለሙያ ነዎት እንበል፤ የአክስትዎ ልጅ የይዞታ ማረጋገጫ ፋይል ጠረጴዛዎ ላይ ባረፈበት ደቂቃ ገብተውበታል። ገና ምንም አላጠፉም። ፋይሉን ለባልደረባዎ አስተላልፈው ለኃላፊዎ ካሳወቁ ነገሩ እዚያው ያበቃል። «ቶሎ ልጨርስላት» ብለው ከከፈቱት ግን፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ነገ የሚያስረዱበት ወረቀት የለዎትም።

ግጭቱ ሦስት መልክ አለው። አሁን ያለ፣ ነገ ሊመጣ የሚችል፣ እና ለተመልካች የሚመስል። ሰው ሁልጊዜ የሚሟገተው በሦስተኛው ላይ ነው፦ «እኔ ንጹሕ ነኝ፤ ሰው የሚለው ምን አገባኝ?» መልሱ አጭር ነው። ተሸናፊው ተጫራች ልብዎን ከፍቶ ማየት አይችልም። የሚያየው ከአሸናፊው ጋር ቡና ሲጠጡ ነው።

በየቢሮው ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተለጥፈዋል፤ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት እያሉ ይቀጥላሉ። ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ማክሰኞ ከሰዓት የእህትዎ ባል ፋይል ይዞ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ፖስተሩ አይነግርዎትም።

ሕጎቹን በአጭሩ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊም ሆነ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተወካይ ሊያነሳ እንደሚችል ይናገራል። ሀብትን ስለማሳወቅና ስለማስመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 668/2002 ከሀብት ምዝገባው ጎን የጥቅም ግጭትንና ስጦታን ይመለከታል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ደግሞ ነገሩ ወደ ወንጀል የሚሻገርበትን መስመር ያሰምራል፦ በሥልጣን አላግባብ መገልገል፣ ጉቦ፣ በተሰሚነት መነገድ፣ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት መያዝ እና ሌሎችም። ለግዥ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 አለ።

አንድ ማሳሰቢያ። ወረዳዎ በክልል ሥር ከሆነ ክልሉ የራሱ የግዥ፣ የሠራተኛና የሥነ ምግባር ሕጎች አሉት። ሕጎቹ የሚታተሙበትን ጋዜጣ ይፈልጉ፤ አማራ ክልል ከሆኑ «ዝክረ ሕግ»ን፣ ኦሮሚያ ከሆኑ «መገለታ ኦሮሚያ»ን፣ አዲስ አበባ ከሆኑ «አዲስ ነጋሪት ጋዜጣ»ን ይዩ። የፌዴራሉን አዋጅ ቁጥር ጠቅሶ በወረዳ ስብሰባ ላይ የሚከራከር ሰው ብዙ ጊዜ በራሱ ክልል ሕግ ይረታል።

አንደኛ ሥራ፦ የገመድዎን ዝርዝር ይጻፉ

ሹመቱን ወይም ምደባውን በያዙ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይቀመጡ። ወረቀት ወስደው ከእርስዎ ጋር ገመድ ያላቸውን፣ ከመሥሪያ ቤትዎም ጉዳይ ሊኖራቸው የሚችሉትን ሰዎችና ድርጅቶች ይዘርዝሩ። ሕጉ «ቤተሰብ» ሲል በዋናነት የትዳር ጓደኛንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ያስባል። የእኛ ገመድ ግን ከዚያ በጣም ይረዝማል፤ እርስዎን የሚጥልዎት ደግሞ ሕጉ ያልቆጠረው ነው።

የሥጋ ዘመድ፣ አማች፣ አበልጅ፣ ሚዜ፣ አብሮ አደግ። የማኅበር ጓደኛ። ከእርስዎ ወይም ከባለቤትዎ ጋር በአክሲዮን ወይም በሱቅ የተሳሰረ ሰው። የቤትዎ አከራይ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የሚኖሩበት ቤት ባለቤት የግንባታ ፈቃድ ሊጠይቅ ቢሮዎ ሲመጣ ያስታውሱታል። ያበደረዎት ሰው። ብድር ከዝምድና ይብሳል፤ ዘመድን እምቢ ማለት ይቻላል፣ አበዳሪን ግን ከባድ ነው።

ዕድርና ዕቁብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነውና። መንደሩ በሙሉ አባል የሆነበት ዕድር ውስጥ አብሮ መሆን በራሱ ግጭት አይደለም፤ አለበለዚያ ማንም ስለማንም ሊወስን አይችልም። ነገር ግን የዕድሩ ዳኛ እርስዎ ሆነው ዕድሩ ለአዳራሽ መሥሪያ ቦታ ለወረዳው ቢያመለክት ጠያቂም ሰጪም ሆኑ ማለት ነው። ዕቁብ ደግሞ ገንዘብ ነው። የዕቁቡ ሰብሳቢ ሥራ ተቋራጭ ከሆነ፣ እርስዎም ዕጣዎ ገና ካልወጣ፣ ገንዘብዎ በእጁ ነው። ይህን ከዝርዝሩ ላይ በጉልህ ይጻፉት።

ጠላትነትም ይቆጠራል። በድንበር የተካሰሱት ጎረቤትዎ የንግድ ፈቃድ ሊያድስ ሲመጣ ፋይሉን የሚያዩት እርስዎ መሆን የለብዎትም። እኛ አገር ማዳላትን እንጂ መበቀልን የጥቅም ግጭት ብሎ የሚጠራ ሰው ብዙ አላየሁም፤ የቂም ውሳኔ ግን ከዝምድና ውሳኔ ያነሰ አይጎዳም።

ዝርዝሩን ለማንም ማሳየት አይጠበቅብዎትም። ለራስዎ ነው። በየስድስት ወሩ ያድሱት፤ ሰርግና ክርስትና በበዛበት ወቅት ደግሞ ቶሎ ይረዝማል።

ሁለተኛ፦ ፋይሉ ሲመጣ ራስዎን ይጠይቁ

እኔ የምጠቀምባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ይህ ሰው ቢያሸንፍ ወይም ቢሸነፍ እኔ ቤት የሚለወጥ ነገር አለ? ውሳኔውን ከሰጠሁ በኋላ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ ስንገናኝ የማፍርበት ወይም የሚያመሰግነኝ ነገር ይኖራል? ግንኙነታችንን ተሸናፊው አሁን ቢያውቅ ጨረታው እንደገና ይውጣ ይላል? ከሦስቱ ለአንዱ «አዎ» ወይም «እንጃ» ካሉ ያሳውቁ። «እንጃ» ራሱ መልስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ለምን ስለምስጋና እንደሚያነሳ ልንገርዎ። በወረዳ ደረጃ ጉቦ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ አይመጣም። ሰውየው ጉዳዩን ይጨርሳል፤ ከዚያ ለፋሲካ በግ ይዞ ይመጣል። እርስዎ ሥራዎን በሕጉ መሠረት ሠርተው ነበር። ችግሩ፣ ሕጉ ከተሠራው ሥራ ጋር የተያያዘ ጥቅም መቀበልን፣ ሥራው በትክክል ቢሠራም፣ ጥቅሙ ከሥራው በኋላ ቢመጣም፣ ወንጀል ማድረጉ ነው።

ሦስተኛ፦ በጽሑፍ ያሳውቁ

በቃል መናገር በቂ አይደለም። «ነግሬዋለሁ እኮ» የሚባለው ነገር ኦዲት ሲመጣ አይገኝም፤ የተነገረውም ኃላፊ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የዝምድናውን ታሪክ መተረክ አያስፈልግም። ይህን አምሳያ እንደ ሁኔታዎ ቀይረው ይጠቀሙ፦

«ለ……… ወረዳ ……… ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የጥቅም ግጭት ስለማሳወቅ
በጨረታ ቁጥር ……… ለ……… ግዥ ሰነድ ካቀረቡት መካከል ……… የተባለው ድርጅት ባለቤት የትዳር ጓደኛዬ ወንድም ነው። ይህንን ያወቅሁት በ……… ቀን ሰነዱ ሲከፈት ነው። በመሆኑም ከዚህ ጨረታ ግምገማም ሆነ ውሳኔ ራሴን ያገለልኩ መሆኔን እየገለጽኩ፣ በምትኬ ሌላ አባል እንዲመደብልን እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር
ግልባጭ፦ ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና መከታተያ ክፍል»

«ያወቅሁት በ……… ቀን» የሚለውን እንዳይተዉት። ጨረታው ከመከፈቱ በፊት አውቀው ዝም ብለው እንደሆነ የሚጠይቅ ይኖራል። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ፤ በእርስዎ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። ያን ኮፒ ቤትዎ ያስቀምጡ። ቢሮ የተቀመጠ ወረቀት ቢሮው ሲዛወር አብሮ ይጠፋል፤ ደርሶብኛል።

የወረዳው አስተዳዳሪ ራሱ ከሆነ ግጭቱ ያለበት፣ ወንበሩን ለምክትሉ ለቅቆ በዚያ አጀንዳ ላይ ምክትሉ ይሰበስባል። የምክር ቤት ተመራጭ ከሆኑ የሚያሳውቁት ለአፈ ጉባኤው ነው። የቀበሌ ሰዎች ለወረዳው ያሳውቃሉ። ለማን እንደሚጻፍ ግራ ከገባዎት ከእርስዎ አንድ ደረጃ ከፍ ላለው ኃላፊ ጽፈው ለሥነ ምግባር ክፍሉ ግልባጭ ያድርጉ፤ ሁለት ቦታ የደረሰ ደብዳቤ አንድ ቦታ ከደረሰ ይሻላል።

አራተኛ፦ ከክፍሉ ይውጡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ድምፀ ተአቅቦ አድርጌያለሁ» ይላል፤ ነገር ግን ሙሉ ሰዓቱን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰብሳቢ ከሆኑ የቅንድብዎ እንቅስቃሴ ብቻ ድምፅ ነው። የበታችዎ የሆነ ሠራተኛ እርስዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው የአማችዎን ድርጅት ጉድለት ሊዘረዝር አይደፍርም። ስለዚህ ይነሱ፣ ይውጡ፣ በሩን ይዝጉ። ከሻይ ቤት ይቀመጡ፤ ሲጨርሱ ይጠሩዎታል።

ከመውጣትዎ በፊት ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ያረጋግጡ። አምስት አባላት ባሉበት ኮሚቴ ሦስቱ መገኘት ካለባቸው፣ አንዱ ቀርቶ እርስዎም ሲወጡ ገና ሦስት አሉ ማለት ነው። ሁለት ከቀሩ ግን ስብሰባው ይተላለፍ። «ትንሽ ቁጭ በል እንጂ ፊርማህ ብቻ ነው የሚያስፈልገው» ሲሉዎት፣ ወደ ችግሩ የሚገቡት በዚያች ፊርማ ነው።

ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «አጀንዳ 2 ከመጀመሩ በፊት አቶ ……… ከተጫራች ……… ጋር የጋብቻ ዝምድና እንዳላቸው ገልጸው ከስብሰባው ወጥተዋል። ሰዓት 4፡20። ውይይቱና ውሳኔው እሳቸው በሌሉበት በተገኙት ሦስት አባላት ተከናውኗል። አቶ ……… አጀንዳ 3 ሲጀመር 5፡05 ላይ ተመልሰዋል።» ሰዓቱ ይግባ። ኦዲተር ሰዓት ይወዳል። የቀረቡ አባላት ዝርዝር ላይ ግን ለአጀንዳ 2 ስማቸው እንዳይገባ፤ አንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ወጣ የተባለው ሰው ታች ፈርሞ አይቻለሁ።

መውጣት በስብሰባው ቀን ብቻ አይወሰንም። ፋይሉን ወደ ቤት አይውሰዱ፣ ለገምጋሚዎቹ «እንዴት ሆነ?» ብለው አይደውሉ፣ በኮሪደር ላይ «ልጁ ጠንካራ ነው» አይበሉ።

አምስተኛ፦ ዘመድን እንዴት ይመልሱታል?

ደብዳቤ መጻፍ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ይህ ነው። አጎትዎ ማምሻውን ይደውላሉ።

«አንተ እዚያ እያለህ ልጄ ይህን ያህል ይመላለሳል? ማንን አምነን ነው ያስተማርንህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ስላለሁ ነው የማልነካው። እኔ ከነካሁት ነገ የሚያጣው እሱ ነው። ጎረቤት አቤት ብሎ ካርታው ይሰረዛል፤ ያወጣው ገንዘብ፣ የጠፋው ጊዜ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።»

ይህ አነጋገር ይሠራል። ምክንያቱም እውነት ነው። «ሕጉ አይፈቅድልኝም» ቢሉ ሰውየው ሰበብ ነው ብሎ ያስባል፤ ለልጁ ስል ነው ካሉ ግን ቢያንስ ይሰማዎታል። ከዚያ መርዳት የሚችሉትን ያህል ይርዱ፦ ሁሉም ተገልጋይ ሊያውቀው የሚገባውን ይንገሩ። ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው መስኮት ላይ እንደሚቀርብ፣ ቅሬታ የት እንደሚገባ። ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ፣ «ለወንበሩ ሰው ደወልኩለት» ጭምር፣ በተሰሚነት መነገድ ወደሚባለው ይጠጋል። እናትዎ «የወንድሜን ልጅ አደራ» ሲሉ ያው መልስ ነው፤ ትንሽ ዝግ ብሎ ይነገር።

ስጦታ

እጅ መንሻ አሮጌ ነገራችን ነው፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ያስተማረን ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ስሙ «ሻይ ቡና» ሆኗል። እኔ የያዝኩት ደንብ ቀላል ነው፦ ይህ ሰው እኔ እዚህ ወንበር ላይ ባልቀመጥ ያመጣልኝ ነበር? የልጅነት ጓደኛዬ ለክርስትና ጠርቶኝ ሂጄ በልቻለሁ፤ ከመሾሜ በፊትም ይጠራኝ ነበር። ከሁለት ወር በፊት የግንባታ ፈቃድ ያወጣው ነጋዴ ለገና ቤቴ በግ ሲያስነዳ ግን እኔን አያውቀኝም፤ የሚያውቀው ወንበሩን ነው።

በጉን መመለስ ያስቸግራል፣ እረኛውም ሄዷል። እንዲህ ያድርጉ፦ በዚያው ቀን ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ በጉን ለላከው ሰው ይመልሱ፤ መመለስ ካልተቻለ በቢሮው በኩል ወደ ተቋሙ ገቢ ይደረግ። ለቅሶ ላይ የሚሰጥ ነገርም ይታሰብበት። ሥራ ተቋራጩ ሃምሳ ወንበርና ድንኳን ልኮ «ለአባታችን ነው» ሲል እምቢ ማለት ጭካኔ ይመስላል፤ ከዕድሩ ያስመጡ። የሱን ይመልሱ።

ግዥ ላይ የተደበቀ ዝምድና

ፊት ለፊት የሚመጣ ዝምድና ችግሩ ትንሽ ነው። የሚያደክመው የተደበቀው ነው። ትንሽ ግዥ በፕሮፎርማ ሲደረግ ቢያንስ ሦስት ዋጋ ይሰበሰባል። ሦስቱም ከአንድ ሰው ኪስ ሲወጡ አይቻለሁ። እንዴት ያውቃሉ? ፕሮፎርማዎቹን ጎን ለጎን ያድርጉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሮቹን ያመሳክሩ። ስልክ ቁጥሮቹ በአንድ አሃዝ ብቻ ይለያያሉ? በሦስቱም ላይ «ወንበር» በተመሳሳይ ስህተት ተጽፏል? ዋጋዎቹ ልክ እንደ መሰላል እርከን በእኩል ልዩነት ይወጣሉ? ፕሮፎርማዎቹን ማን ሰበሰበ፤ ግዥ ክፍሉ ነው ወይስ «አሸናፊው» ራሱ ሦስቱንም አምጥቶ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ብዙ ነገር ይገልጣል። አቅራቢ የተወዳዳሪዎቹን ዋጋ ይዞ ሲመጣ ውድድር የለም።

ሌላው ግዥን መከፋፈል ነው፦ አንድ ትልቅ ጨረታ የሚገባውን ዕቃ በየሳምንቱ ቆርሶ በፕሮፎርማ መግዛት። ሦስተኛው ዝርዝር መግለጫውን ለአንድ ሰው ልክ መስፋት ነው። መግለጫው የአንድ ድርጅት ካታሎግ የሚመስል ከሆነ ማን እንደጻፈው ይጠይቁ። የጻፈው ባለሙያ ካልተጠቀሰ ይመለስ።

ዝርዝር በሚወጣበት ቦታ

በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ የ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ቀናት ሳይቆዩ የከተማው አስተዳደር ዕጣውን ሰረዘ፤ ወደ ዕጣው ሥርዓት የገባው መረጃ ተነካክቶ፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ተጨምሮ ተገኘ። ኃላፊዎችና የመረጃ ባለሙያዎች ተያዙ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ቤት ደረሰን ብለው እልል ያሉ ሰዎች ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው እናንተው ገምቱ።

ይህን ያነሳሁት ወረዳ ላይ ያለው ዝርዝር ትንሽ ስለሆነ ከዚህ ነፃ ነው እንዳይባል ነው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ፣ የማዳበሪያ፣ የቀበሌ ቤት፣ የሥራ ዕድል ማኅበራት ዝርዝር፤ ሁሉም ስም የሚጨመርበትና የሚሰረዝበት ወረቀት ነው። የሚመዘግበው፣ የሚያጣራውና የሚያፀድቀው ሰው የተለያየ ይሁን። ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት ሦስቱም የራሳቸው ዘመዶች ስም ካለበት በጽሑፍ ያስታውቁ። ዘመዳቸው ድሃ ከሆነ መግባት መብቱ ነው፤ ግን ያጣራው ሌላ ሰው እንዲሆን ነው። ከዚያ ዝርዝሩ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፣ ለቅሬታ ቀን ይሰጥ። እርሳስ ሳይሆን እስክሪፕቶ። የተሰረዘ ስም ላይ አጭር ፊርማ ከነምክንያቱ።

የቃል ትዕዛዝ ሲመጣ

ኃላፊው ስልክ ይደውላል፦ «ያቺን ፋይል ዛሬ ጨርሳት።» ፋይሏ የማን እንደሆነች ታውቃለህ፣ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። (እዚህ ላይ አንተ ብልህ ይቅርታ፤ እንዲህ ያለው ስልክ የሚደወለው ለወጣት ባለሙያ ስለሆነ ነው።) እምቢ ብለህ አትጣላ። «እሺ፣ በማስታወሻ ይላኩልኝና ወዲያው እሠራዋለሁ» በል። ብዙ ጊዜ ማስታወሻው አይመጣም። ካልመጣ ደግሞ አንተው ጻፍ፦ «በ……… ቀን በስልክ በተሰጠኝ ትዕዛዝ መሠረት… ይሁን እንጂ ፋይሉ ……… ስለሚጎድለው መመሪያው የሚፈቅደው አይደለም፤ በጽሑፍ ውሳኔ ይሰጠኝ።» በመዝገብ ቤት አስገባ። ትሕትና ባለው ቋንቋ ይሁን፤ ወረቀቱ ለኃላፊህ እንጂ ለጠላትህ አይደለም። ይህን ያደረገ ሰው አንዳንድ ጊዜ ወደ ማይፈልገው ቦታ ይዛወራል። አላስመስልም፤ ይህ ይሆናል። እስር ቤት ግን አይዛወርም።

ሀብት ምዝገባ

እዚህ ላይ አልቆይም። በአዋጁ ከተዘረዘሩት መካከል ከሆኑ ሲሾሙ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ የራስዎንና የቤተሰብዎን ሀብት ያስመዝግቡ። በባለቤትዎ ስም ያለ ሱቅ ይመዝገብ። ስሙ በሌላ ሰው ቢሆንም የእርስዎ የሆነ መኪና ይመዝገብ። ለመመዝገብ ያሳፈረዎት ነገር ካለ፣ መፍትሔው ምዝገባውን መዝለል አይደለም።

ነዋሪ ከሆኑ

ጨረታ ተጫርተው ወይም ቦታ ጠይቀው ነገሩ በዝምድና የተወሰነ ከመሰለዎት፣ በቁጣ ቢሮ ገብተው መጮህ ጉዳይዎን ያዳክማል። መጀመሪያ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። መረጃ ከተከለከሉ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል፤ መሥሪያ ቤቱ እስከ 30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የጨረታ ቅሬታ ግን ጊዜው አጭር ነው፤ በጥቂት የሥራ ቀናት ይቆጠራል፤ ውጤቱ በተለጠፈ ዕለት የቀነ ገደቡን ያጣሩ።

ከዚያ ደረጃውን ይዘው ይውጡ፦ የመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሉ፣ የክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን። አስተዳደራዊ በደል ከሆነ ዕንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ወንጀል ከሆነ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ናቸው፤ በፌዴራል ደረጃ የሙስና ምርመራና ክስ ከኮሚሽኑ ወጥቶ ወደ እነሱ የተዛወረው በ2008 ነው፤ ሰው ግን ዛሬም «ኮሚሽኑ ያስረዋል» ብሎ ይጠብቃል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ የሚሠራው በከባድ ወንጀሎች ላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ አቤቱታ መከለያ ይሆነኛል ብለው አይቁጠሩበት።

አቤቱታዎ ላይ «ሁሉም ሌቦች ናቸው» ብለው አይጻፉ። ቀን፣ የጨረታ ቁጥር፣ ማን ከማን ጋር ምን ዝምድና እንዳለው፣ ይህን እንዴት እንዳወቁ። «ሲባል ሰማሁ» ከሆነ ሰማሁ ብለው ይጻፉ። ያዩትን ከሰሙት የለየ አቤቱታ መርማሪው ከሁሉ በፊት ያነሳዋል።

አንዲት አጀንዳ

ኮሚቴ የሚሰበስቡ ከሆነ ነገ ጠዋት የሚጀምሩት ይህን ነው። አጀንዳው ከተነበበ በኋላ፣ ሌላ ምንም ከመነሳቱ በፊት፣ «በዛሬው አጀንዳ ላይ ዝምድና፣ ብድር፣ ሽርክና ወይም ቅሬታ ያለው አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱም ቢኖርም ባይኖርም በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። በሁለተኛው «የለም» ይባላል፣ ይጻፋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና «እኔ እንኳ… ይህቺ ሦስተኛዋ ድርጅት የአበልጄ ናት» ይላል። አመስግነውት ሻይ ይጠጣ ዘንድ ይሸኙት፣ ሰዓቱንም ይጻፉ።